በደብረ ታቦር ሰማይ ላይ ያለው ኤሌክትሮን ምን ያገባናል?

አመሻሽ ላይ ራዲዮ የከፈተ ሰው ቀን ያልነበሩ የሩቅ አገር ጣቢያዎች ሲግተለተሉ ይሰማል። ደብረ ታቦርም ሆነ ነፋስ መውጫ ራዲዮ ያደመጠ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ምክንያቱ ያለው ከራዲዮው ውስጥ ሳይሆን ከጉና ተራራ ጫፍ እጅግ ርቆ፣ ከምድር በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚዘልቀው አዮኖስፌር በተባለው የከባቢ አየር ክፍል ነው። እዚያ የፀሐይ አልትራቫዮሌትና ኤክስሬይ ጨረር አተሞችን እየመታ ኤሌክትሮን ያስለቅቃቸዋል፤ የተለቀቀው ኤሌክትሮን ደግሞ የራዲዮ ሞገድን ይመልሳል፣ ያጥፋል፣ ያዘገያል። ቀን ላይ የታችኛው ንብርብር ሞገዱን ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ስለሚከስም ሞገዱ እስከ ላይኛው ደርሶ ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ ግን ጉዳዩ ከራዲዮ አልፏል፤ ስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚነግረን የሳተላይት ሞገድም ይህንኑ ክፍል አቋርጦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የዚህን ሰማይ ጠባይ ማጥናት ለሀብታም አገር የሚተው ቅንጦት አይደለም። እንዲያውም ከሌላው ይልቅ እኛን የሚመለከት ሥራ ነው።

እኛን የሚመለከትበት ዋናው ምክንያት የቦታችን አቀማመጥ ነው። የኮምፓስ መርፌ ወደ ምድር ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር መግነጢሳዊ የምድር ወገብ ይባላል። ይህ መስመር በካርታ ላይ ከምናውቀው የምድር ወገብ ጋር አይገጥምም፤ በእኛ በኩል ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ መሀል ኢትዮጵያን ያቋርጣል። ደብረ ታቦር ከዚያ የምትርቀው ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢሆን ነው። በመስመሩ ላይ ቀን ቀን፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ይህን ጅረት የሚነዳው የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮኑን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ከተነሳ በኋላ በመግነጢሳዊ መስመሮች ላይ እየተንሸራተተ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርዳል። ስለዚህ የኤሌክትሮን እፍግታ ከፍተኛ የሚሆነው በወገቡ አናት ላይ ሳይሆን ከግራና ቀኝ 15 ዲግሪ ያህል ርቆ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የታችኛው ክፍል ቶሎ ይሳሳል፣ የላይኛው እንደታፈገ ይቆያል፤ በዘይት ላይ ውሃ ቢያርፍ ዘይቱ ውሃውን ሰንጥቆ እንደሚወጣ ሁሉ ከታች ያለው ስስ ፕላዝማ (ኤሌክትሮኑ የተለቀቀበት ጋዝ) አረፋ እየሠራ ወደ ላይ ይወጣል። አረፋዎቹ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ይበዛሉ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ በውስጣቸው የሚያልፈው የሳተላይት ምልክት ይርገበገባል፣ ሲብስም ይቋረጣል።

ይህን ሰማይ የመለካት ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወቅት፣ በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ የመሠረቱት የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያ የተፈለገው ከተማዋ ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ በመሆኗ ነው። በኋላም በውጭ አገር የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እንዳወቀ ይዘንጋው በሚመሩት የአፍሪካ የመግነጢስ መለኪያዎች መረብ ከተካተቱት ጣቢያዎች አንዱ አዲግራት ላይ ተተከለ። ከደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ባሕር ዳር ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የራዳር ምርምር የሚካሄድበት ዋሸራ የተባለ ቤተ ሙከራ አለው። ከሁሉም ቀላሉ መሣሪያ ግን ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል ጂፒኤስ ነው። ሳተላይቱ በ1575.42 እና በ1227.60 ሜጋኸርዝ ይልካል፤ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ በኤሌክትሮኑ ይበልጥ ይዘገያል። የሁለቱን መድረሻ ልዩነት ያሰላ ሰው በመንገዱ ላይ ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት ያገኛል። የስምጥ ሸለቆን መሬት እንቅስቃሴ ለመከታተል የተተከለ ጂፒኤስም በዚህ መንገድ ሰማዩንም ይለካል።

«ሆድ ሳይሞላ ሰማይ ማንጋጠጥ ምን ይበጃል?» የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው መሬት ላይ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ዓምድ ውስጥ 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ሲኖር አንድ መለኪያ ይባላል፤ እያንዳንዱ መለኪያ የጂፒኤስን ርቀት በ16 ሳንቲ ሜትር ያስታል። ቀን ላይ 50 መለኪያ ቢኖር ስህተቱ 8 ሜትር ይሆናል። ሳተላይቱ የሚያሰራጨው ማረሚያ የሚያስወግደው ግማሽ ያህሉን ነው። ማሳ በተበጣጠሰበት በፋርጣና በእስቴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስህተቱ ሁሉንም ማዕዘን አብሮ ስለሚገፋ የማሳው ስፋት ብዙም ላይዛባ ይችላል፤ ዛሬ የተለካን የድንበር ማዕዘን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ለማግኘት ሲፈለግ ግን ልዩነቱ ጠብ ይሆናል። ግንቦት 2 ቀን 2016 የተነሳው፣ ከ20 ዓመት ወዲህ ያልታየ ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል በአሜሪካ በዘር ወቅት በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮችን አቁሟል። ሰማዩ ገበሬን እንደሚነካ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

«ሳተላይት እያለ፣ የኮምፒውተር ሞዴል እያለ መሬት ላይ መሣሪያ መትከል ለምን?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይጠነክራል። ዝቅ ብሎ የሚዞር የምርምር ሳተላይት ግን በአንድ ቦታ አናት ላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ አረፋው ተወልዶ የሚያድገው እሱ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሞዴሎቹም የተሠሩት በአብዛኛው መሣሪያ በሞላባቸው ሌሎች አህጉራት መረጃ ነው። የፔሩ ሂካማርካ ራዳር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያካበተው እውቀት ትልቅ ቢሆንም የመግነጢስ መስኩ ጉልበት እዚያና እዚህ ስለሚለያይ ለእኛ ሰማይ ምትክ አይሆንም። አዳዲስ ስልኮች ሁለት ፍሪኩዌንሲ መቀበላቸውም መዘግየቱን እንጂ የምልክቱን መቋረጥ አይፈታም። ነገ ማታ አረፋ ይነሳል ወይስ አይነሳም ብሎ በእርግጠኝነት መተንበይ ለዓለም ሊቃውንትም ገና ያልተፈታ ችግር ነው። የሚፈታውም በየቦታው ሳይቋረጥ በተያዘ መዝገብ ነው።

ከዚህ አንጻር እንደ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት የሚጠበቅባቸው ከአቅም በላይ አይደለም። ራዳር መግዛት አይጠበቅባቸውም፤ ጣሪያ ላይ አንድ አንቴና፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ መረጃውን በየዕለቱ የሚያስቀምጥና ለሌሎች የሚያካፍል ባለሙያ ይበቃል። ያለፈ ሌሊት ተመልሶ አይለካምና ሥራው ለነገ ባይባል መልካም ነው።