«አንተው ፈርምልኝ»

ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከቤቴ ሆኜ የሥራ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የበሩ ደወል ጮኸ። በስልኬ የበሩን ካሜራ ስከፍት አንድ ዕቃ አድራሽ ሾፌር ቆሟል። ያዘዝኩትን ላፕቶፕ አምጥቶልኛል፤ ዕቃው ግን ፊርማ ይፈልጋል። ከስብሰባው መነሳት አልፈለግኩም። «እባክህ አንተው ፈርምልኝና በሩ ሥር አስቀምጠው» አልኩት። «ይቅርታ፣ አልችልም» አለኝ። ትንሽ ጠብቆኝ፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ሄደ።

በጣም ተናደድኩ። የዚያኑ ዕለት «ሾፌራችሁ ደንበኛ ማስተናገድ አያውቅም» ብዬ ለድርጅቱ አቤቱታ ጻፍኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ እሑድ ማታ ታላቅ ወንድሜ ደወለልኝ። እሱም እዚሁ ቨርጂኒያ የዕቃ ማድረሻ መኪና ይነዳል። አገር ቤት ሳለ አስተማሪ ነበር። «አንድ የኮምፒውተር ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቃ በሚያደርስበት ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አሉ። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ እሳቸውም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በሌላ ስቴት የሚኖረው ልጃቸው ለአገር ቤት ዘመድ የሚወስዱትን ስልክ ገዝቶ ላከላቸው። ወንድሜ ከታች ደወለላቸው። «የኔ ልጅ፣ ፎቁን ስትወጣ አትድከም፤ አንተው ፈርምልኝና ደረጃው ሥር አኑርልኝ። የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያነሣልኛል» አሉት።

ወንድሜ የዚያን ቀን ገና 60 ያህል ቤቶች ይቀሩት ነበር። በስካነሩ ላይ ስማቸውን ጻፈ፤ በጣቱ ጫር ጫር አድርጎ ፈረመ፤ ዕቃውን ደረጃው ሥር ትቶ ሄደ። የጎረቤቱ ልጅ ሲመጣ ስልኩ የለም።

የሴትዮዋ ልጅ ሻጩን ሲጠይቅ «እናትህ ፈርመው ተቀብለዋል» ተባለ። ወደ እናቱ ደውሎ ሲጠይቃቸው «ኧረ እኔ አልፈረምኩም፣ ልጁ ነው የፈረመልኝ» አሉት። የተናገሩት እውነቱን ነው። ያ ቃል የአንድን ሰው እንጀራ እንደሚነካ ግን አላወቁም።

«ነገ ጠዋት ቢሮ ጠርተውኛል» አለኝ ወንድሜ። «ወርደው ራሳቸው ፈረሙ ብል በኮምፒውተር ያውቁብኛል?»

የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ መዝገብ የሚይዙ ፕሮግራሞችን መጻፍ እንጀራዬ ነው። እንዲህ ያለው ስካነር የሚያስቀምጠው የፊርማውን ሥዕል ብቻ አይደለም። ዕቃው በስንት ሰዓት እንደተነበበ፣ መሣሪያው የት እንደነበረ፣ የተቀባዩ ስም ምን ተብሎ እንደተጻፈ አብሮ ሊመዘግብ ይችላል። ይህንን ነገርኩት። ቀጥዬም «ቢያውቁብህም ባያውቁብህም እስካሁን ያጠፋኸው አንድ ነው፤ ነገ ከዋሸህ ሁለት ይሆናል። ደግሞም እኒያን እናት ነው ውሸታም የምታደርጋቸው» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ልክ ነህ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ፊርማው የማን ነው?

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አያቴ ትዝ አለችኝ። ፊደል አልቆጠረችም። የአያቴን ባል የጡረታ ገንዘብ ለመቀበል በየወሩ ትሄድ ነበር፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ታሳርፋለች። ከፋዩ ያውቃታል፣ ይቀልዳታል፣ ወንበር ያቀርብላታል። የራሱን ጣት ግን ስለ እሷ አሳርፎ አያውቅም። ጣቱ የሚመሰክረው «እኔ ራሴ መጥቼ ተቀበልኩ» ብሎ ነውና። በስክሪን ላይ የሚጫረውም ፊርማ እንደዚያው ምስክርነት ነው።

በአሜሪካ ሕግም ቢሆን በስክሪን የተፈረመ ነገር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ አንድ ፊርማ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተፈረመ ብቻ ዋጋ ሊያጣ እንደማይችል ይደነግጋል።

የፊርማ ዓይነቱም አንድ አይደለም። የፌዴክስን አሠራር ለምሳሌ ብንወስድ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ጎረቤት ወይም የሕንፃው ኃላፊ ሊፈርም ይችላል፤ ተቀባዩም ሾፌሩ በለጠፈው ወረቀት ላይ ፈርሞ ፈቃዱን መተው ይችላል። በሁለተኛው በዚያው አድራሻ ያለ ሰው መፈረም አለበት። ሦስተኛው የአዋቂ ፊርማ ነው፤ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው መታወቂያውን አሳይቶ ይፈርማል። እንደ ወይን ጠጅ ያለ የአልኮል መጠጥ በዚህ መንገድ ነው የሚደርሰው። ከሦስቱ በአንዱም ሾፌሩ ስለ ተቀባዩ ይፈርም የሚል የለም።

ታዲያ ልማዱ ከየት መጣ? ወንድሜ ሥራውን የጀመረው በኮሮና ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ትላልቆቹ አድራሽ ድርጅቶች ንክኪን ለመቀነስ ሲሉ ለብዙ ዕቃዎች ፊርማ መቀበልን ለጊዜው አቁመው ነበር። ወንድሜ በዚያ ጊዜ የተቀባዩን ስም ራሱ አስገብቶ ማለፍ ለመደ። ፊርማው ሲመለስ የእሱ እጅ ግን አልተመለሰም።

ቢሮ ሲጠሩ

ብዙ የሠራተኛ ማኅበር ውሎች ጥፋትን በደረጃ ያያሉ። ለማርፈድ ወይም ለመሳሳት መጀመሪያ የቃል፣ ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ከሥራ ማገድ ይመጣል። ሐሰተኛ መዝገብ ግን እንደ እምነት ማጉደል ስለሚቆጠር ደረጃውን ዘሎ በቀጥታ ሊያሰናብት ይችላል። ወንድሜ ደግ ሥራ የሠራ መስሎት የገባው እዚህ ውስጥ ነው።

በማኅበር የታቀፈ ሠራተኛ አንድ ሊያውቀው የሚገባ መብት አለ። በቴክሳስ በአንድ መደብር የምግብ ክፍል የምትሠራ ሴት 2 ዶላር ከ98 ሳንቲም የሚያወጣ ዶሮ ወስዳ 1 ዶላር ብቻ ከፍላለች ተብላ ተጠረጠረች። ሲመረምሯት የማኅበር ተወካይ እንዲጠራላት ደጋግማ ለመነች፤ ከለከሏት። በኋላ ሲጣራ የወሰደችው የአንድ ዶላሩን ነው፤ ትንሹ ካርቶን ስላለቀ በትልቁ ይዛው ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1975 ቅጣት ሊያስከትል ይችላል ብሎ በምክንያት የሚሰጋ የማኅበር ሠራተኛ በምርመራው ላይ ተወካይ ይኑረኝ ማለት እንደሚችል ወሰነ። በመደብሩ ስም «የዋይንጋርተን መብት» ይባላል። ይህ መብት ግን የሚሠራው ሠራተኛው ራሱ ሲጠይቅ ነው፤ አለቃው የማስታወስ ግዴታ የለበትም።

ወንድሜ ሰኞ ጠዋት ተወካዩን አስጠርቶ ገባ። «የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስልኩን ግን አልወሰድኩም» አለ። ተወካዩም ስለ ፊርማ ምን ሥልጠና እንደተሰጠው፣ ከዚያ በፊት ማስጠንቀቂያ እንደነበረበት ጠየቀ። አልነበረበትም። ሊያሰናብቱት ያሰቡት ተለውጦ ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ታገደ፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም ተጻፈበት። የዚያን ዓመት የፋሲካን ገንዘብ ወደ አገር ቤት የላክሁት እኔ ነኝ። ለእናታችን ምክንያቱን አልነገርናትም።

ማኅበር የሌለው ሾፌርስ? ከሞንታና በቀር በአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ የሥራ ውል ከሌለ አሠሪው በሕግ በተከለከለ ምክንያት እስካልሆነ ድረስ ሠራተኛውን በማንኛውም ጊዜ ማሰናበት ይችላል። በመኪናው ላይ ስሙ የተጻፈው ድርጅትም አሠሪው ላይሆን ይችላል፤ የአማዞንን ዕቃ ከሚያደርሱት ብዙዎቹ የተቀጠሩት በትናንሽ ኮንትራክተሮች ነው። ስለዚህ አሠሪህ ማን እንደሆነ እወቅ። የድርጅቱን የፊርማ ደንብ በጽሑፍ ጠይቀህ ያዝ። አለቃህ «ፈርመህ እለፍ» ካለህ በጽሑፍ እንዲያደርግልህ ጠይቅ። ተቀባይ ከሌለ የለም ብለህ መዝግብ። ቢሮ ከተጠራህ የሚሰጡህን ወረቀት ሳታነብ አትፈርም፤ እንግሊዝኛው ከከበደህ የሚያስነብብህ ሰው ፈልግ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለም?

ከበሩ ወዲህ ላለን

ሾፌሩን «አንተው ፈርም» የምንለው እኛ ደንበኞች ነን። ለእኛ አንድ ደቂቃ ነው፤ ለእሱ የቤተሰቡ እንጀራ ነው። ፊርማ የሚፈልግ ዕቃ እንደሚመጣ ካወቅን ቤት የምንገኝበትን ቀን እንምረጥ፤ ካልሆነም በአቅራቢያችን ካለው መቀበያ ሄደን እንውሰድ። ደረጃ መውረድ የማይችሉ እናትና አባት ካሉን የላክንላቸውን ዕቃ ሾፌሩ በራቸው ድረስ መጥቶ እንዲያስፈርማቸው እንንገራቸው። «አትድከም» ማለታቸው ከፍቅር ነው፤ ልጁን የሚጠብቀው ግን ድካሙ ነው።

ወንድሜ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ እኒያ እናት አሁንም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። አሁን ሦስቱን ፎቅ ይወጣል። ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ ስካነሩን በሁለት እጁ ይዞላቸው ይፈርማሉ። ቡና ጠጣ ይሉታል፤ ጊዜ የለኝም ይላቸዋል።

እኔም ለዚያ ድርጅት ሁለተኛ ኢሜይል ጻፍኩ። «ሾፌራችሁ ትክክል ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አቤቱታዬን አንሥቻለሁ» አልኩ። «አስተያየትዎን ስለሰጡን እናመሰግናለን» የሚል የማሽን መልስ መጣልኝ። አቤቱታዬ ከልጁ መዝገብ ላይ ይነሣ አይነሣ የነገረኝ የለም። አሁን ግን የበሩ ደወል ሲጮህ ከስብሰባው ተነሥቼ እወርዳለሁ።