የመዝጊያ እጀታ ስለ መለወጥ

በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ከማለዳ እስከ ሌሊት ዕረፍት የሌለው የመዝጊያ እጀታ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ወንበር እንኳ የሚቀመጥበት ሰው ሲታጣ ያርፋል፤ እጀታን ግን አባትም እናትም፥ ሕፃንም ሽማግሌም፥ እንግዳም ሠራተኛም ሲቀባበሉት ይውላሉ። ይሁን እንጂ እስኪሰበር ድረስ የሚያስበው የለም። ከተሰበረም በኋላ ብዙው ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ በቀዳዳው ገመድ አሥሮ፥ ወይም ጨርቅ ወትፎ፥ ወይም ዘንጉን በፒንሳ ማዞርን ለምዶ ወር ከወር ያሳልፋል። «ነገ አናጢ እንጠራለን» የሚባለው ቃል ዓመት የሚሞላው በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ ነው።

ነገሩ ከሐኬት አልፎ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በምናውቀው አንድ ቤት አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ወደ መኝታ ክፍል ገብታ መዝጊያውን ገፍታ ዘጋችው። በውስጥ በኩል የነበረው እጀታ ከሁለት ወር በፊት ወልቆ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። እናቲቱ በውጭ ያለውን ይዛ ብታዞር እጀታው ባዶውን በእጇ ቀረ፤ ዘንጉ ተንሸራቶ በውስጥ በኩል ወደቀ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለበት። አናጢ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልጅቱ በውስጥ፥ እናቲቱ በውጭ ሆነው ሲያለቅሱ ቈዩ። አናጢው የሠራው ሥራ ግን ከአንድ ደቂቃ አላለፈም፤ አፈ ሰፊ ጠመንጃ መፍቻ በአራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ከቶ አዞረው፥ መዝጊያውም ተከፈተ። ይህን ያህል ዕውቀት በየቤቱ እንዳይኖር የሚከለክል ነገር አናይም።

የጥንቱ የሀገራችን ሳንቃ መዝጊያ እንዲህ ያለ ችግር አያውቅም ነበር። ከዋንዛ ወይም ከዝግባ ተጠርቦ፥ ከራሱ እንጨት በወጣ እግር ላይ ይዞራል፤ ለመሳቢያ የብረት ቀለበት ወይም የጠፍር ማንገቻ ይበቃዋል። ቤቱን የሚዘጋው ሌላ ነው፤ እርሱም በውስጥ በኩል የሚወረወረው መወርወሪያ ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ቢነቀል መወርወሪያው ሥራውን አይተውም፥ መወርወሪያው ቢሰበርም ቀለበቱ እንዲሁ። የዛሬው እጀታ ግን ሁለቱን ሥራ በአንድነት ይዟል፤ የሚሳበውም የሚከፍተውም እርሱ ነው። ምቾቱ ከዚህ ይመጣል፤ ጣጣውም እንዲሁ።

አሠራሩን ለመረዳት መዝጊያውን ከፍቶ ጠርዙን መመልከት ነው። በሳንቃው ውፍረት ውስጥ የተቀበረ የብረት ሣጥን ይታያል፤ ይኸውም ቍልፉ ነው። ከሣጥኑ አንድ ጐኑ ተዳፋት የሆነ ምላስ ይወጣል፤ ከምላሱ ኋላ ያለው ሞላ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በሣጥኑ ወገብ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው እንብርት አለ፤ በዚህ እንብርት ውስጥ አራት ማዕዘን የብረት ዘንግ ያልፍና ሁለቱ እጀታዎች በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ይሰካሉ። እጀታው ሲጫን ዘንጉ እንብርቱን ያዞራል፥ እንብርቱም ምላሱን ወደ ውስጥ ይስባል። በእጀታው አንገት ሥር ያለችው ራስ የሌላት ትንሽ ብሎን እጀታውን ከዘንጉ ጋር ታያይዛለች። ከዚህ ሁሉ የብረት ሥራ ቶሎ የምትላላው ይህች የምስር ፍሬ የምታህል ብሎን ናት።

እንግዲህ አዲስ እጀታ ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሕመሙ የት እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። እጀታው ሲዞር ምላሱ የማይንቀሳቀስ እንደ ሆነ ያች ብሎን ላልታለች፥ ወይም የዘንጉ ማዕዘኖች ተበልተው ክብ ሆነዋል፥ ወይም እንብርቱ ተሰብሯል። የመጀመሪያው ስድስት ማዕዘን ባላት ትንሽ መፍቻ በአንድ ጊዜ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ዘንግ ብቻ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ሣጥኑን መለወጥ ነው እንጂ ከእጀታው ጋር ጉዳይ የለውም። እጀታው እንደ ደከመ ክንድ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሚቀር እንደ ሆነ ሞላው ሞቷል። መዝጊያውን ከፍ እያደረጉ ካልሆነ በቀር አልከፍት የሚል እንደ ሆነ ደግሞ ጥፋቱ ከማጠፊያው ነው፤ መዝጊያው ዘንበል ብሎ ምላሱ በመቃኑ ላይ ያለውን ብረት እየፋቀ ነው። ይህንን ለማረጋገጥ እኛ መምህራን በእጃችን የማይጠፋው ጠመኔ ይበቃል፤ ምላሱን በጠመኔ ቀብቶ መዝጊያውን መዝጋትና መክፈት ነው። ነጩ ምልክት በመቃኑ ብረት ቀዳዳ ውስጥ ሳይሆን በከንፈሩ ላይ ከታየ የማጠፊያዎቹ ብሎኖች ይጥበቁ። በእንዲህ ያለው በር ላይ አዲስ እጀታ የሚገጥም ሰው በጥቂት ወር ውስጥ ሁለተኛ ይገዛል።

የብሎኖቹ ቀዳዳ ሰፍቶ መያዝ እንቢ ያለ ከሆነም እንጨቱን አውጥቶ መጣል አያስፈልግም። የክብሪት እንጨት ራሱ ተቈርጦ፥ በኮላ ተነክሮ፥ ሁለት ሦስቱ በቀዳዳው ይወተፍ፤ ሲደርቅ ትርፉ ተቈርጦ ብሎኑ ዳግመኛ ይግባ። ይይዛል።

መለወጥ ግድ የሆነ እንደ ሆነ ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት መለካት ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ እጀታ ሁሉ አንድ ይመስለዋልና። ወደ ሀገራችን የሚገባው ዕቃ ከልዩ ልዩ ሀገር ስለሚመጣ ልኩም ልዩ ልዩ ነው። ከዘንጉ መካከል እስከ ቍልፉ ቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት በጀርመን የውስጥ በሮች 72 ሚሊ ሜትር፥ በኢጣልያ 90፥ በእንግሊዝ ደግሞ በብዛት 57 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 72ቱን ሰሌዳ በባለ 90ው ቍልፍ ላይ ያኖረ ሰው እጀታው ልክ ሲመጣለት ቍልፉ የሚገባበት ቀዳዳ በብረት ተሸፍኖ ያገኘዋል። የዘንጉም ውፍረት እንዲሁ ነው፤ በብዛት 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፈረንሣዩ 7 ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፥ ቀጭኑ ዘንግ በሰፊው እንብርት ውስጥ ሲንገጫገጭ ማዕዘኑ ተበልቶ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው እንለዋለን። ከዚህ ሌላ የሳንቃው ውፍረት፥ እንዲሁም ከመዝጊያው ጠርዝ እስከ ዘንጉ መካከል ያለው ርቀት ይለካ። በብረት በር ላይ የሚገጠመው ቍልፍ ሣጥኑ ጠባብ ስለ ሆነ ለእንጨት በር የተሠራው ሰሌዳ አይበጀውም። ሲሆን ሲሆን አሮጌውን ነቅሎ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይበልጣል። በአሮጌ ቤቶች ላይ ያለውን የቀድሞ እጀታ አምሳያ የሚፈልግም በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉትን የአሮጌ ብረት ነጋዴዎች ሳይጠይቅ ተስፋ አይቍረጥ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ባለ ሱቁ የሚያሳየው የሚያብለጨልጨውን ነው፤ የቤቱ ባለቤትም ዐይኑ በዚያ ይማረካል። እኛ ግን እጀታ የሚመረጠው በቤቱ ካሉት እጆች ሁሉ በደካማው እጅ ልክ ነው እንላለን። ክብ እጀታ ለመክፈት አጥብቆ መጨበጥንና የእጅን አንጓ መጠምዘዝን ይፈልጋል። ለጐልማሳ ይህ ምንም አይደለም፤ ቍርጥማት ጣቶቻቸውን ላጐበጠባቸው አያት ግን ሌሊት ከመኝታቸው ተነሥተው ለመውጣት ሰው መጥራት ይሆንባቸዋል። ስለ ማፈርም ዝም ብለው ይጨነቃሉ። እጁ በሳሙና የረጠበም፥ ሕፃን የታቀፈም፥ እንሥራ የያዘም ሁሉ እንደዚሁ ይቸገራል። ወደ ታች የሚጫነውን ረጅሙን እጀታ ግን በክርን እንኳ መክፈት ይቻላል።

ይህ የእኛ ብቻ አሳብ አይደለም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 ስለ አካል ጉዳተኞች የወጣውን ሕግ ተከትሎ የተሠራው ደንብ፥ ሕጉ በሚመለከታቸው ሕንፃዎች የበር እጀታ በአንድ እጅ የሚሠራ፥ አጥብቆ መጨበጥ ወይም አንጓን መጠምዘዝ የማያስፈልገው እንዲሆን ያዛል። በካናዳ የቫንኩቨር ከተማም ከ2014 ጀምሮ በአዲስ በሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች ክብ እጀታ ቀርቶ የሚጫነው እንዲገጠም በሕንፃ ደንቧ ወስናለች።

በእርግጥ ለሽማግሌ የቀለለው ለሕፃንም ይቀልላል። የሁለት ዓመት ልጅ ተንጠራርቶ ረጅሙን እጀታ በመጐተት ወደ መንገድ ሊወጣ፥ ወይም ምድጃ ወዳለበት ሊገባ ይችላል። መድኃኒቱ አያትን ማሠር ሳይሆን በእነዚህ ሁለት በሮች ላይ በአዋቂ ሰው ቁመት መቀርቀሪያ መጨመር ነው። እናቶች ደግሞ የእጀታውን ጫፍ ይመልከቱ፤ ጫፉ ቀጥ ብሎ የቀረ እንደ ሆነ የነጠላን ጥለትና የቀሚስን እጅጌ እየያዘ ይቀዳል፤ ወደ መዝጊያው የታጠፈው ይሻላል። ለመታጠቢያ ቤትም በውስጥ ሲዘጋ በውጭ በኩል በሳንቲም ሊዞር የሚችል ፍንክት ያለው ዓይነት አለና እርሱ ይፈለግ።

ስለ ማዕድኑ ጥቂት እንናገር። በ1983 ፊሊስ ኩን የተባለች ሴት በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ በሚገኝ ሆስፒታል የበር እጀታዎችን መርምራ በናሱ ላይ የተገኙት ተሐዋስያን ጥቂቶች፥ በማይዝገው ብረት ላይ ግን ብዙዎች መሆናቸውን ጽፋለች። ናስ የመዳብና የዚንክ ድብልቅ ነው፤ ተሐዋስያንን የሚገድለውም መዳቡ ነው። የሚያብለጨልጨው ብረት ንጹሕ ይመስላል እንጂ በራሱ የሚያጸዳው ነገር የለውም። ነገር ግን ብዙው የናስ እጀታ እንዳይጠቍር በቫርኒሽ ተቀብቶ ይሸጣል፤ ቅብ ያለበት ናስ ይህንን ጥቅም አይሰጥም። የናስ መልክ ብቻ ያለውም ናስ አይደለም፤ በእጅ ቢመዝኑት ቅለቱ ይናገርበታል። የሆነ ሆኖ ናስም ቢሆን ከመታጠብና ከመወልወል አያድንም።

ወደ ሥራው ስንገባ ከሁሉ አስቀድሞ መዝጊያው ተከፍቶ በሥሩ ሽብልቅ ይደረግበት። ነፋስ ቢዘጋው የሚከፍተው እጀታ በሠሪው እጅ ነውና። ከዚያም በእጀታው አንገት ሥር ያለችው ብሎን ትፈታ፤ እጀታው ተስቦ ይውጣ፤ የሰሌዳው ብሎኖች በጠመንጃ መፍቻ (ካቻቢቴ በሚባለው) ይፈቱ፤ ዘንጉም በሌላው ወገን ይሳብ። በአንዳንዱ አዲስ ሥራ ብሎኑ አይታይም፤ በአንገቱ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ያለ እንደ ሆነ በምስማር ጫፍ ሲነኩት ይለቃል፥ አለዚያም ክዳኑ ተፈልቅቆ ብሎኖቹ ከሥሩ ይገኛሉ። በመዶሻ መምታት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሣጥኑ ደኅና ከሆነ አይነካ። ከተለወጠ ግን የምላሱ ተዳፋት ጐን መዝጊያው ሲዘጋ መቃኑን ቀድሞ ወደሚነካበት ወገን ይሁን፤ ተገልብጦ ከገባ መዝጊያው አይዘጋም። አዲሱ ዘንግ በሁለቱም ወገን እኩል ይውጣ፤ ከረዘመ በብረት መጋዝ ይቈረጥ። ሰሌዳው በመዝጊያው ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ የብሎኖቹ ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት፥ ከብሎኑ በቀጠነ መሰርሰሪያም ይበሳ። ረጅም ብሎን አይመረጥ፤ በሳንቃው ውስጥ ሄዶ የቍልፉን ሣጥን ከነካ ምላሱን ያሥራልና። ብሎኖቹ አንዱ ብቻውን እስከ መጨረሻው ሳይጠብቅ በየተራ በጥቂት በጥቂቱ በእጅ ይጥበቁ። እጀታው ተጭኖ ሲለቀቅ በራሱ ወደ ቦታው የማይመለስ ከሆነ ሰሌዳው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ዘንጉን ጨምድዶታል ማለት ነው፤ አላልቶ ማስተካከል ያስፈልጋል። መዝጊያው ክፍት እንደ ሆነ አሥር ጊዜ ያህል በሁለቱም እጀታ ሳይሞከር አይዘጋ። ሲዘጋም በውስጥና በውጭ አንዳንድ ሰው ቢቆም መልካም ነው።

በምላሱ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። የወጥ ዘይት የሚያፈሱ አሉ፤ ይህ ውሎ አድሮ ይወፍርና ከአቧራ ጋር ጭቃ ይሆናል። በቍልፍ ቀዳዳ ውስጥም ዘይት ሳይሆን የእርሳስ ዱቄት ይሻላል፤ እርሳሱን ፍቆ ዱቄቱን በቍልፉ ጥርስ ላይ ማሸትና ደጋግሞ ማስገባት ነው።

አሮጌው ዘንግ አይጣል። ማዕዘኑ ገና ያልተበላ ከሆነ ታጥቦ፥ ጫፉ በሽቦ ታሥሮ፥ ከመኝታ ክፍሎቹ ውጭ ባለው ግድግዳ በአዋቂ ቁመት በምስማር ላይ ይንጠልጠል፤ በፒንሳ ይዘው በቀዳዳው ከተው ሲያዞሩት ማናቸውንም የተዘጋ ክፍል ይከፍታል። ፒንሳውም ከዚያው አይራቅ። እጀታው ወልቆ ሳለ፥ አዲሱ ሳይገጠም፥ ታላላቆቹ ልጆችና የቤቱ ሠራተኛ ተጠርተው እያንዳንዳቸው በገዛ እጃቸው አንድ ጊዜ ከፍተው ይሞክሩት።