ከቤት የወጣ ጥራጊ የት ይደርሳል?

በላፍቶ ጧት ጧት በየቤቱ የሚከናወን አንድ የተለመደ ሥራ አለ። ቤት ይጠረጋል፤ ዕቃ ይታጠባል፤ የቡና አተላ ይደፋል። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ ባዶ ጠርሙስና ፌስታል በአንድ ከረጢት ታጭቆ ይወጣል። በዚህን ጊዜ ቤቱ ጸዳ ይባላል። ይሁን እንጂ ከቤት የወጣው ነገር ቦታውን ለወጠ እንጂ ከምድር አልጠፋም። ከአንድ ቤት በየዕለቱ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ፤ እነዚህም እጣቢ፣ ጥራጊና ጭስ ናቸው። የሦስቱን መንገድ ተከትለን ብንመረምር፣ ቤተሰብ አካባቢውን ሳይጎዳ ሊኖር የሚችልበትን ዘዴ እንረዳለን።

በመጀመሪያ እጣቢውን እንከተል። ወደ መንገድ ዳር ቦይ የተደፋው እድፍ በዝናብ እየታጠበ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገባል። ወንዙ የከተማውን ምዕራባዊ ክፍል አቋርጦ፣ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል። በዳርቻው ብዙ አትክልተኞች ለረጅም ዓመታት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በመስኖ ሲያለሙ ኖረዋል፤ ምርቱም ለከተማው ገበያ ይቀርባል። ስለዚህ ወደ ቦይ የተጣለው እድፍ ከፋብሪካና ከመጸዳጃ ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ፣ በአትክልት ላይ ሆኖ ወደ ገበታችን ሊመለስ ይችላል። ይህን ለመቀነስ ያገለገለ ዘይት ወደ ቦይ አለመድፋት፣ ሳሙናንም በመጠን መጠቀም ይገባል። አትክልት የታጠበበት ንጹሕ እጣቢ ግን ለጓሮ ተክል ቢጠጣ ውሃ ይቆጥባል።

ቀጥለን ከረጢቱን እንከተል። የአዲስ አበባ ጥራጊ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲከማች የኖረው ከላፍቶ እምብዛም በማይርቀው በረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ይህ ክምር ተደርምሶ በአጠገቡ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ክምሩ በአንድ ቀን የተሠራ አልነበረም። ከብዙ ሺህ ቤቶች የወጣ ከረጢት በከረጢት ላይ ተደራርቦ የፈጠረው ነበር።

ከከረጢቱ ውስጥ አብዛኛው የሚበሰብስ የማዕድ ቤት ትርፍ ነው። ይህ ትርፍ አየር በማያገኝበት ክምር ሲቀበር ሜቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫል። ለማቃጠል ቢፈለግም እርጥብ ስለሆነ፣ ከሙቀቱ ከፊሉ እርጥበቱን ለማድረቅ ይባክናል። በ2010 ዓ.ም. በረጲ የተመረቀውን፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ የመሰለ ተቋምም ቢሆን በቤት ውስጥ የሚደረግን መለየት አይተካም።

የመለየቱም ሥራ ከባድ አይደለም። ልጣጩ፣ አገዳውና የቡናው አተላ በግቢ ጥግ፣ ግቢ ለሌለውም በተበሳሳ አሮጌ ባልዲ ይጠራቀማል። በእርጥቡ ላይ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ይነሰነሳል። በየሁለት ሳምንቱ ከተገላበጠና እርጥበቱ ከተጠበቀ፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ የአፈር ሽታ ያለው ጥቁር ብስባሽ ይሆናል። ሥጋና አጥንት ግን አይጥና ውሻ ስለሚስቡ አይጨመሩበትም። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ፕላስቲክ ለቆራሌው ይቀመጣሉ፤ ቆራሌው ከሚሰበስበው ብረታ ብረት ብዙው በመርካቶ ምናለሽ ተራ እንደገና ዕቃ ይሆናል። የተሰበረ ጠርሙስ ለብቻው መጠቅለሉ ደግሞ ከረጢቱን የሚሸከመውን ሠራተኛ እጅ ከመቈረጥ ያድናል።

ስለ ፌስታል የተሻለው መፍትሔ ከመነሻው አለመቀበል ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅም ክልከላውን አስፍቶ አጥብቆታል። እናቶቻችን ገበያ ይዘውት ይወጡ የነበረው ዘንቢል ግን አዋጅ ሳይጠብቅ ለዓመታት ያገለግል ነበር።

በመጨረሻ ጭሱን እንከተል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ የማገዶ እጥረት ስለገጠማት ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ፤ ከዚያ ወዲህ የእንጦጦ ሴቶች ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ከተማውን ሲያነድዱ ኖረዋል። በሦስት ጉልቻ በሚነድ እሳት ከሙቀቱ ብዙው በየአቅጣጫው ይበተናል። በአንጻሩ ዙሪያው የተከደነው ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ የሚፈጀውን ማገዶ እስከ ግማሽ ያህል ሲቀንስ፣ ላቀች የተባለው ምድጃ ከተራው የከሰል ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ለምትጋግረውም እናት ጭሱ ይቀንስላታል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ቤተሰብ ደግሞ ምጣዱን አንድ ጊዜ አግሎ የሳምንቱን እንጀራ በተከታታይ ቢጋግር ኃይል ይቆጥባል። ይሁንና የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ መኝታ ክፍል ፈጽሞ ሊያድር አይገባም። የማይታይና የማይሸት መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ሕይወት ያጠፋል።

ከላይ ከተዘረዘረው የምንገነዘበው፣ እጣቢው ወደ ገበታ፣ ጥራጊው ወደ ጎረቤት፣ ጭሱም ወደ ሳንባ የሚመለስ መሆኑን ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ በረጲ ተራራ የሆነው ሸክም በየቤቱ ሲከፋፈል አንድ ባልዲ ብቻ ነው። ይህም ለእናት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ማንኛውም ተማሪ ለአንድ ሳምንት ከቤቱ የሚወጣውን በየዐይነቱ ለይቶ ቢመዘግብ፣ ከረጢቱ በምን ያህል ሊቀል እንደሚችል በገዛ ዐይኑ ያያል።