አዲሱ ሰዓት ስልክዎን «አላውቅህም» ቢለው

በመርካቶም ሆነ በቦሌ የሞባይል መደብሮች መስታወት ውስጥ ከሚደረደሩት ዕቃዎች አንዱ «ስማርት ሰዓት» የሚባለው ነው፡፡ እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ ስልክ ላይ የገባ መልእክት ያሳያል፤ አንዳንዱም ጥሪ ያስተናግዳል፡፡ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ግን ከስልክ ጋር ተጣምሮ ነው፡፡ ገዢው ቤቱ ገብቶ ሊያጣምረው ሲሞክር እምቢ ካለው፣ የከፈለው ገንዘብ ክንዱ ላይ የታሰረ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፡፡ ወደ ሱቁ ቢመለስ ሻጩ «ችግሩ የስልክዎ ነው» ይለዋል፤ እሱም «የተበላሸ ዕቃ ሸጥክልኝ» ይላል፡፡ ሰዓቱም ስልኩም ደህና ሆነው ጠቡ የሚቀጥልበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም፡፡

የምጣኔ ሀብት ትምህርት እንደ ቡናና ስኳር፣ እንደ መኪናና ቤንዚን አብረው የሚፈለጉትን ዕቃዎች ተደጋጋፊ ሸቀጦች ይላቸዋል፡፡ ሰዓቱና ስልኩም እንዲሁ ናቸው፡፡ ልዩነቱ ስኳር ቡና አይመርጥም፤ ሰዓት ግን ስልክ ይመርጣል፡፡ ስለዚህ የሰዓቱ እውነተኛ ዋጋ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ብቻ አይደለም፡፡ የሚስማማው ስልክ ከሌለዎት የስልኩም ዋጋ ይጨመርበታል፡፡

መጀመሪያ ዝምድናቸውን ያጣሩ

የአፕል ሰዓት ከአይፎን በስተቀር ከሌላ ስልክ ጋር አይጣመርም፡፡ አይፎንም ሁሉ አይበቃውም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሲሪስ 10 ቢያንስ በ2018 ከወጡት አይፎን ኤክስ ኤስ ወይም ኤክስ አር ወዲህ የተሠራ ስልክ ይፈልጋል፤ ስልኩም አይኦኤስ 18 የተጫነበት መሆን አለበት፡፡ አይፎን ኤክስ የያዘ ሰው ይህን ሰዓት ቢገዛ የሚጠግንለት ባለሙያ አያገኝም፤ የተበላሸ ነገር የለምና፡፡

ሳምሰንግም በበኩሉ በሩን ዘግቷል፡፡ ጋላክሲ ዋች 3 ከአይፎን ጋር ይሠራ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ጋላክሲ ዋች 4 ጀምሮ ያሉት ግን ለአንድሮይድ ብቻ ናቸው፡፡ አንድሮይዱም የጎግል አገልግሎት ያለው መሆን አለበት፡፡ በ2019 የአሜሪካ ማዕቀብ ከተጣለ በኋላ ያለ ጎግል አገልግሎት የወጡት የሁዋዌ ስልኮች አይቀበሉትም፡፡ የሁዋዌ ሰዓቶች በአንጻሩ «ሁዋዌ ሄልዝ» በሚባለው አፕ አማካይነት ከአንድሮይድም ከአይፎንም ጋር ይገናኛሉ፡፡

ዝምድና እያለ እምቢ ካለ

ሁለቱንም በደንብ ቻርጅ አድርጎ፣ አጥፍቶና አብርቶ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ መሞከር የመጀመሪያው እርምጃ ነው፡፡ ካልሆነ የሚከተሉትን በየተራ ይመልከቱ፡፡

አንደኛው ስህተት በተለይ ርካሽ ሰዓቶችን በስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ማጣመር ነው፡፡ ብዙዎቹ የሚገናኙት በራሳቸው አፕ በኩል ነው፡፡ የአፑ ስም መመሪያው ወረቀት ላይ አለ፤ ወይም ሰዓቱ ላይ የሚታየውን ኪው አር ኮድ በስልኩ ካሜራ ማንሳት ይቻላል፡፡ አስቀድመው በብሉቱዝ ዝርዝር አጣምረውት ከሆነ ከዚያ ይሰርዙትና በአፑ ይጀምሩ፡፡ ጥሪ የሚያስተናግዱት ሰዓቶች ሁለት መስመር አላቸው፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ብሉቱዝ 4.0 የመጣው፣ ጥቂት ኃይል የሚፈጀው የመረጃ መስመር ሲሆን ሌላው የድምፅ ነው፡፡ ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ስም ቢታይዎት አይደናገጡ፡፡ መረጃው በአፑ ከተገናኘ በኋላ የድምፁ ይከተላል፡፡

ሁለተኛው ፈቃድ ነው፡፡ ከአንድሮይድ 6 እስከ 11 ባሉት ስልኮች ሎኬሽን ካልበራና ለአፑ ካልተፈቀደ በቀር አፑ አጠገቡ ያለውን ሰዓት ፈልጎ አያገኝም፡፡ በአንድሮይድ 12ና ከዚያ ወዲህ በወጡት ደግሞ በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን የመፈለግ ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል፡፡ በችኮላ «አይሆንም» የሚለውን የተጫነ ሰው ሰዓቱን ሲወቅስ ይውላል፡፡

ሦስተኛው ሱቁ ውስጥ የሚፈጠር ነው፡፡ ሻጩ «እነሆ ይሠራል» ለማለት ከራሱ ስልክ ጋር ያጣምረዋል፤ ሳይፈታውም ይሸጠዋል፡፡ ከአንድ ስልክ ጋር የተያዘ ሰዓት ለሌላው ላይታይ ይችላል፡፡ መፍትሔው በመጀመሪያው ስልክ ላይ ግንኙነቱን ማቋረጥ፣ ከዚያም ሰዓቱን ሪሴት አድርጎ እንደ አዲስ መጀመር ነው፡፡ ሪሴት የተመዘገበውን መረጃ እንደሚያጠፋ አይዘንጉ፡፡

ዘመድ የላከው ሰዓት

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በዘመድ እጅ የሚመጣ ያገለገለ የአፕል ሰዓት የራሱ ጣጣ አለው፡፡ የቀድሞው ባለቤት ከአፕል አካውንቱ ካላላቀቀው ሰዓቱ ቢጠፋም ቢበራም፣ ሪሴት ቢደረግም የዚያን ሰው የይለፍ ቃል ይጠይቃል፡፡ ይህ ቁልፍ የተሠራው ለሌባ ነው፤ ስጦታ የተቀበለውንም ግን አይለየውም፡፡ የሰፈር ጠጋኝ ጋ ገንዘብ ከማውጣት ለላኪው መደወል ይሻላል፡፡ ባለቤቱ ባለበት ሆኖ በኢንተርኔት ወደ አይክላውድ አካውንቱ ገብቶ ሊያላቅቀው ይችላል፡፡ ያገለገለውን ከማያውቁት ሰው የሚገዙ ከሆነ ግን የሚደውሉለት የለምና ቁልፉ መከፈቱን ሳያዩ አይክፈሉ፡፡

ሳይቃጠል በቅጠል

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፡፡ ይህ መብት የሚጠቅመው ለሚጠይቅ ነው፡፡ ስለዚህ የራስዎን ስልክ ይዘው ይሂዱ፡፡ የኢንተርኔት ዳታ ይኑርዎት፤ አፑ የሚወርደው በዚያ ነውና፡፡ ሰዓቱን እዚያው ባንኮኒው ላይ ከስልክዎ ጋር ያጣምሩት፤ ወደ ራስዎ ስልክ ያስደውሉና ጥሪው ሰዓቱ ላይ መታየቱን ይመልከቱ፡፡ ሞዴሉ በትክክል የተጻፈበት ደረሰኝም ይቀበሉ፡፡ ሻጩ «ቤትዎ ሄደው ይሞክሩት» ካለ ደግሞ ገንዘቡንም ሞክረው ከተመለሱ በኋላ ቢከፍሉት ይስማማ እንደሆነ ይጠይቁት፡፡