ውሃ ያነሰው ምድሩ ነው ወይስ ጉድጓዱ?

ከጮቄ ተራራ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ያለው የጎጃም ደጋ በአብዛኛው እሳተ ገሞራ ደጋግሞ ባፈሰሰው ባዝልት የተሸፈነ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው በስንጥቅ፣ በበሰበሰ ቋጥኝና በአንዱ ንጣፍና በሌላው መካከል ይሄዳል። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ተቀራርበው የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች እኩል ውሃ ላይሰጡ ይችላሉ።

ጥልቅ ጉድጓድ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚታወቀው በፓምፕ ሙከራ ነው። በመጀመሪያ ውሃው የቆመበት ጥልቀት ይለካል። ከዚያ ፓምፑ በታወቀ መጠን እየሳበ፣ ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት፣ የውሃው መውረድ ይመዘገባል። ፓምፑ ሲቆም ደግሞ አመላለሱ ይለካል። ከዚህ ልኬት ተነስቶ የዓለቱን ውሃ የማሳለፍ አቅም ለማስላት መሠረት የሆነውን ቀመር አሜሪካዊው ቻርልስ ታይስ እ.ኤ.አ. በ1935 አወጣ።

ታይስ በሐሳቡ የያዘው ጉድጓድ ግን እንከን የለሽ ነው፤ ውሃ አዘሉን ንጣፍ ዳር እስከ ዳር የሚበሳ፣ ለሚገባው ውሃ እንቅፋት የሌለው። የቁፋሮ ማሽን (ሪግ) የሚቆፍረው ጉድጓድ እንዲህ አይደለም። የቁፋሮ ጭቃና የድንጋይ ዱቄት ስንጥቁን ይደፍናሉ። ቀዳዳ ያለው ቧንቧ፣ ማለትም ስክሪኑ፣ ውሃ በሚያመነጨው ስንጥቅ ፊት መሆን ሲገባው አንዳንዴ በደረቅ ባዝልት ፊት ይቀመጣል። በጉድጓዱ ቧንቧ (በኬሲንጉ) እና በቋጥኙ መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ካልታሸገ የላይኛው ውሃ ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ ሙከራውም የሁለቱን ድብልቅ ይለካል።

ጉድጓዱን ከምድሩ ለመለየት የእርከን ሙከራ ይሠራል፤ ፓምፑ በየተራ መጠኑን ከፍ እያደረገ ይስባል። የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪው ጄኮብ እ.ኤ.አ. በ1947 እንዳሳየው፣ ስበቱ እጥፍ ሲሆን በዓለቱ ምክንያት የሚመጣው መውረድ እጥፍ ይሆናል፤ በጉድጓዱ ውስጥና ዙሪያ በሚፈጠር መናወጥ የሚመጣው ግን አራት እጥፍ። ለምሳሌ በሰከንድ 5 ሊትር ሲሳብ ውሃው 10 ሜትር ወረደ፤ 8ቱ የዓለቱ፣ 2ቱ የጉድጓዱ ነው እንበል። በ10 ሊትር 16 ሲደመር 8፣ 24 ሜትር ይወርዳል። የጉድጓዱ ድርሻ ከአምስት አንድ ወደ ሦስት አንድ አደገ ማለት ነው።

መፍትሔው ከሙከራው በፊት ይጀምራል። ቁፋሮው እንዳለቀ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ጉድጓዱን በኮምፕሬሰር አየር ማጠብ ያስፈልጋል። በአቅራቢያ ሌላ ጉድጓድ ካለ የውሃው መውረድ እዚያም ይለካ፤ ያልተሳበበት ጉድጓድ የፓምፑ መናወጥ የለበትም። በዚሁ ምክንያት ፓምፑ ሲቆም የሚደረገው የአመላለሱ ልኬትም አይዘለል።

የወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤትም ሆነ የቀበሌ ውሃ ኮሚቴ ጉድጓድ ሲረከብ የፓምፕ ሙከራውን ውጤት ብቻ አይቀበል። ስክሪኑ በስንት ሜትር ላይ እንደተቀመጠ፣ በዙሪያው ምን ጠጠር እንደገባ፣ እስከየት በሲሚንቶ እንደታሸገና ለስንት ሰዓት እንደታጠበ የሚያሳይ መዝገብ ይጠይቅ። ያለዚያ መዝገብ ምድሩን ደረቅ ብሎ መፍረድ አይቻልም።