ፋይዳ «ክፍት ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ፣ ለፋይዳ መታወቂያ ወረፋ ይዤ ሳለሁ ከፊቴ የነበሩ እናት «ሶፍትዌሩ ክፍት ነው ይላሉ፤ ታዲያ አሻራዬን ማንም ሊያየው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የብዙ ቤተሰብ ነው።

ፋይዳ የተሠራው «ሞሲፕ» በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነው። የሞሲፕ ሥራ በ2010 ዓ.ም. በሕንድ ባንጋሎር፣ በአንድ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም ተጀመረ። ፊሊፒንስና ሞሮኮም ተጠቅመውበታል። ክፍት የተባለው ኮዱ ነው። ማንኛውም መንግሥት የፈቃድ ክፍያ ሳይከፍል ወስዶ፣ መርምሮ፣ ለአገሩ በሚስማማ መንገድ ያስተካክለዋል። ሻጩ ኩባንያ ዋጋ ቢጨምር ወይም ቢዘጋ አገር ቆማ አትቀርም።

የሰው መረጃ ግን ሌላ ነው። የዶሮ ወጥ አሠራር ለሁሉም የታወቀ ነው፤ ድስታችሁን ግን ጎረቤት መጥቶ አይከፍተውም። የአሥር ጣት አሻራችን፣ የዓይን ብሌናችንና የፊታችን ምስል የድስቱ ውስጥ ናቸው። ለእነዚህ ጥበቃ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል።

እርግጥ ኮዱ ክፍት መሆኑ ብቻውን ዘብ አይሆንም። አንብበው ጉድለቱን የሚያገኙና የሚያርሙ የራሳችን ልጆች ያስፈልጉናል። በፕሮግራም ሥራ የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ ኮዱን ከፍቶ እንዲያየው ንገሩት፤ አይከለከልም።

በየቤታችን ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በስልካችሁ የሚደርሳችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ደውሎ ለሚጠይቃችሁ ሰው አትስጡ። ለእናት ለአባታችሁም ይህንኑ ንገሯቸው።