ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ፣ ወባን አትናቁ

ከውጭ አገር ለበዓል ወደ ኢትዮጵያ የምትገቡ ወገኖቼ፣ እንደ ሐኪም አንድ ነገር ልለምናችሁ። «እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ወባ ምን ያደርገኛል?» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ያሳስበኛልም። ደጋግሞ በመታመም የሚገኘው ከፊል የመከላከል አቅም ከወባማ ቦታ ርቀን ስንኖር እየሳሳ ይሄዳል። ውጭ የተወለዱ ልጆቻችንማ ከመጀመሪያውም የላቸውም።

አዲስ አበባ ብቻ ከርማችሁ የምትመለሱ ከሆነ ወባ ብዙ አያሰጋችሁም፤ ከተማዋ ደጋ ናት። ባሕር ዳር፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ ወይም መተማ የምትዘልቁ ግን ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ሕፃን ከያዛችሁ በተለይ ንገሩት፣ የወባ መከላከያ መድኃኒቱ ይለያያል። ማላሮን የተባለው መከላከያ መድኃኒት ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን በፊት ተጀምሮ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከወባማው አካባቢ ከወጣችሁ በኋላም 7 ቀን ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ግን 4 ሳምንት። ብዙ ሰው «ተመልሻለሁ» ብሎ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ተውሳኩ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይራባል፤ ወደ ደም ሲወጣ መድኃኒቱ ሊጠብቀው ይገባል።

አጎበርም አይቅር፤ የወባ ትንኝ የምትናከሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወራት ቢያልፉም እንኳ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ቪቫክስ የተባለው የወባ ዝርያ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ቆይቶ ይነሣል። በዚያው ዕለት ሆስፒታል ሂዱና ሳትጠየቁ «ኢትዮጵያ ነበርኩ፤ የወባ የደም ምርመራ ይደረግልኝ» በሉ።